ፀሐይ ያላየው ቅጠል

እትዬን መጀመሪያ ያወቅኋቸው ጊዜ አልወደድኳቸውም። ዙሪክ ውስጥ ሐበሻው ለገና በተሰበሰበበት አዳራሽ፣ እኔ ከጄኔቫ ተሸክሜ ያመጣሁትን ሽሮ በጣታቸው ቆንጥረው አሸተቱና በሰው ሁሉ ፊት «ይሄ ከሳሙና ጋር ነው የኖረው» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ሽሮውና ሳሙናው ጎረቤት ነበሩ። እውነት መሆኑ ግን ይበልጥ አናደደኝ፤ በባቡር ስመለስ ሎዛን እስክደርስ በሆዴ ስሰድባቸው ነበር።

ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ነገራቸው ቁርጥ ያለ ሴት ነበሩ። አዲስ አበባ ሳሉ በአንድ ቡና ላኪ መጋዘን በለቃሚነት ገብተው የመጋዘኑ ኃላፊ እስከ መሆን ደርሰዋል። ደርግ መጋዘኑን ሲወርሰው ኃላፊነቱም እንጀራውም አብሮ ቀረ፤ እሳቸው ዞረው ዞረው ዙሪክ ገቡና በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ተኳሽ ሆኑ። አፍንጫቸው ግን እዚያው መጋዘን ውስጥ እንደቀረ ነው። «ቡና ሌባ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይሰርቃል» ይሉ ነበር። ሰው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ሰውየውን ሳይሆን ዕቃው የት እንደተቀመጠ ነው።

በዚያ ዘመን፣ ደርግ ገና በጉልበቱ ሳለ፣ እኔ ጄኔቫ ለዛቫንሼ በሚባል ሰፈር ካሉት ባለቀለም ፎቆች በአንዱ ከአጎቴ ጋር እኖር ነበር። ሥራዬ ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ነው። አጎቴን ጋሼ ነው የምለው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አዲስ አበባ ዳኛ ነበር። ለሥራ በወጣበት ላለመመለስ ሲወስን ባለቤቱ በኋላ እንደሚከተሉት አስቦ ነበር። የሚያስወጣቸው ግን ጠፋ። የኮበለለ ሰው ሚስት መውጫ ቪዛ መጠየቋ ራሱ ወንጀል ይመስል፣ ቀበሌ ሲሉ ከፍተኛ፣ ከፍተኛ ሲሉ ኢሚግሬሽን፣ ዋስ አምጪ፣ ነገ ተመለሽ። በዚህ መሀል ጋሼ ታመመ። የጨጓራ ካንሰር ነበር።

መድኃኒቱ በሽታውን ይያዝለት እንጂ እህል የሚባል ነገር አላስቀምጥ አለው። ውሃ እንኳን ይመልሳል። ችሎት ላይ ሲቀመጥ ወንበሩን ይሞላ የነበረ ሰው፣ ሶፋው ላይ እንደተረሳ ካፖርት ሆኖ ቀረ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶኝ፣ በሽታው ጊዜ ይሰጠው ይሆናል፣ እንዲህ ካልበላ ግን ረሀቡ ይቀድማል አለኝ። ለጋሼ አልነገርኩትም፤ እሱ ግን ያውቅ ነበር። ከእግዚአብሔር የሚለምነው መዳንን አልነበረም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «እሷ እስክትመጣ ብቻ» ይላል። 

እትዬ ይህን ከሰው ሰሙ። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ ሳይደውሉ፣ ሁለት እጃቸውን በፌስታል ሞልተው ከች አሉ። ጎመን፣ ድንች፣ በሶብላ። ዙሪኮች ሽሬበርጋርተን ከሚሏቸው፣ በባቡር ሐዲድ ዳር ተከፋፍለው ከሚሰጡ የአትክልት ቦታዎች አንዷ የእሳቸው ነበረች። ጎረቤታቸው ጡረታ የወጣ የትራም ሾፌር ነው። አጥር ተደግፈው ሲያወሩ፣ ሟች ሚስቱ የጋሼን ዓይነት ሕመም ታማ ሳለ ምግብ ያስቀመጠላት አንድ ተክል ብቻ እንደነበር ነገራቸው። ቦታውን በመከር ሊያስረክብ ስለሆነ፣ በጸደይ ላይ የተክሉን አራት ችግኝ ለእትዬ ሰጥቷቸው ነበር፤ እሳቸውም ምንነቱን ሳይጠይቁ ከጎመናቸው መሀል ተክለውት ኖሯል።

«ሐሺሽ ነው» አሉኝ፣ የኩሽናውን በር ዘግተው።

«እትዬ!»

«ምን እትዬ ትይኛለሽ? ሰውየው እየሞተ ነው።»

ደነገጥኩ። ፖሊስ ቢደርስበት ጉድ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ፔርሚው፣ በየጊዜው የሚታደስ፣ የጥገኝነት ጉዳያችንም ገና ያልተቋጨ ነበር። እኔ ይህን ሳብሰለስል እትዬ ጋሼ ያለበት ክፍል ገብተው ወንበር ስበዋል። ለዳኛ መዋሸት አልፈለጉም።

«ጌታዬ፣ ሐሺሽ ነው። በወተት ትንሽ አፍልቼ ላጠጣዎት ነው።»

ጋሼ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። «እኔ እኮ በዚህ ሰው አስሬበታለሁ» አላቸው።

«እሱን ንስሐ ይግቡበት። ይሄንን ይጠጡ።»

ሦስት ቀን እምቢ አለ። እትዬ ሾፌሩ የሰጣቸውን፣ ካለፈው ዓመት የተረፈ ጥቂት ቅጠል ትተውልኝ ተመልሰዋል። በአራተኛው ቀን ራሱ «እስቲ አምጪው» አለኝ። ጠጣ። ቆይቶ ቆይቶ፣ የረሳውን ነገር እንዳስታወሰ ሰው ግንባሩን ቋጥሮ «የሚበላ ምን አለ?» ሲል ሰማሁት። ግማሽ ሳህን ፍርፍር በላ። አልመለሰም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጭንቀት አንድ ብቻ ሆነ። የሾፌሩ ትራፊ በሳምንታት ያልቃል። እሱ ራሱ ልጁ ዘንድ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ዘርም አላስቀረም። ያለን በእትዬ ጎመን መሀል የቆሙት አራት እግር ተክሎች ናቸው፤ በመከር አንዴ ይቆረጣሉ፣ ምትክ የላቸውም። የጋሼ ባለቤት መቼ እንደሚመጡ የሚያውቀው ደግሞ ደርግ ነው። ስለዚህ ያ አንድ መከር፣ ማንም እስከማያውቀው ቀን ድረስ፣ ሳይሻግት፣ ኃይሉም ሳይበን መቆየት ነበረበት።

ጥቅምት መግቢያ ላይ ተቆረጠ። የእትዬ የአትክልት ቦታ ጎጆ ጠባብ ስለሆነች፣ ቅርንጫፎቹ ሳይነካኩ የምትይዘው ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ በሻንጣ፣ ከላይ ፎጣ አልብሰው፣ ጄኔቫ ኮርናቫ ባቡር ጣቢያ ድረስ አምጥተው አስረከቡኝ። «ጨለማ ውስጥ ቁልቁል ስቀዪው» አሉኝ። እሺ አልኩ።

እሺ ያልኩት በአፌ ነው። እኔ ባደግኩበት አገር የሚቆይ ነገር ሁሉ ፀሐይ ይመታዋል። በርበሬው፣ የሽሮ እህሉ፣ ጌሾው። እናቴ በርበሬ በጨለማ ስታደርቅ አይቼ አላውቅም። በዚያ ሳምንት ደግሞ ጄኔቫ ላይ በጥቅምት የማይገኝ ፀሐይ ወጣ። እንዲህ ያለ ፀሐይ እያለ ቅጠሉን ቁም ሳጥን ውስጥ ማሰር ግፍ መሰለኝ። ነጭ አንሶላ በረንዳው ላይ ዘርግቼ አሰጣሁት። ጠዋት ጠዋት እያገላበጥኩ በሙያዬ ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን በር ተንኳኳ። የፎቃችን ኮንሲየርዥ፣ የሕንፃው ተቆጣጣሪ ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ በረንዳዬን ከታች እንዳየችው ነገረችኝ።  ፖሊሱ፣ ፔርሚው፣ ጋሼ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «የአገሬ የሻይ ቅጠል ነው፣ ማዳም» አልኩ።

«ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩሽም» አለች። «ዛሬ እሑድ ነው። እሑድ በረንዳ ላይ ምንም ነገር አይሰጣም። ደንቡ አሳንሰሩ ውስጥ ተለጥፏል።»

ስትሄድ በሩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። አንሶላውን ስሰበስብ ግን ሳቁ ጠፋ። አረንጓዴው ቅጠል ገለባ መስሏል፤ ስነካው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፤ ክፍሉን ይሞላ የነበረው ሽታውም የለም። አፍልቼ ለጋሼ ሰጠሁት። ጠጣ፣ መለሰ። በማግስቱም መለሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳን አልነበረኝም።

ጩኸት እየጠበቅኩ እትዬ ዘንድ ደወልኩ። አልጮሁም። «ፀሐይ ላይ?» አሉ ብቻ። ስድብ በቀለለኝ። ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው በማግስቱ መጡ። ቅጠሉን በመዳፋቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ምላሳቸው ላይ አደረጉት፣ ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ጀንፈል ቡና ፀሐይ ይችላል» አሉኝ። «ልጣጩን ለብሶ ነዋ የሚሰጣው። ይሄ ራቁቱን ነው፤ ፀሐዩ ውሃውን ብቻ አይደለም የሚወስድበት።»

ማልቀስ ስጀምር ቁጣቸውን እኔ ላይ ያወርዳሉ ብዬ ነበር። «ተይ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ጨለማ ውስጥ ስቀዪ አልኩሽ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገርኩሽም። ሰው ምክንያቱን ካልነገሩት የለመደውን ነው የሚሠራው። መጋዘን ውስጥ ስንቱን ያስተማርኩ ሴትዮ፣ ይህን መርሳቴ።»

እኔ ጥፋቴን እንዲህ ተሸክሞልኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እናቴም ብትሆን። ያን ቀን ወደድኳቸው።

የተረፈውን ግማሽ በዓይኔ እንዳይ በሳምንቱ ዙሪክ ወሰዱኝ። ጎጆዋ የአካፋና የዶማ ማስቀመጫ ናት። መስኮቷን በአሮጌ ካፖርት ጋርደውታል። ማዳበሪያውን፣ የቀለም ቆርቆሮውን፣ የጭቃ ጫማውን ሳይቀር ውጭ አውጥተዋል። ቅርንጫፎቹ ሲባጎ ላይ ቁልቁል ተሰቅለዋል፤ በአንዱና በሌላው መሀል እጅ ያስገባል። ከበሩ ሥር አየር የሚገባበት ክፍተት ትተው፣ ነፋሱ ቅጠሉን በቀጥታ እንዳይመታው ፊት ለፊት ሳንቃ አቁመዋል። ይህን ሁሉ ያደረጉት ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲተኩሱ ከዋሉ በኋላ ነው። በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ በትራም እዚያ ሄደው አንድ ቀንበጥ ይዘው ጆሯቸው አጠገብ ቀስ አድርገው ያጥፋሉ። ዝም ብሎ ከታጠፈ ገና ነው፤ ቀጭ ካለ ደርሷል። በሁለት ሳምንቱ ቀጭ ሲል አብሬያቸው ነበርኩ፤ ልጅ እንደተወለደላቸው ነው ያቀፉኝ።

ከዚያ ጠርሙስ መጣ። ስዊሶች ማርማላታ የሚያቆዩበት፣ የላስቲክ ቀለበትና የሽቦ መቆለፊያ ያለው ነው። እኔ ሁሉን በአንድ ትልቅ ጠርሙስ እንጠቅጥቀው ስል ሳቁብኝ። ትልቅ ዕቃ በየቀኑ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች ያረጃል፤ ትንንሽ ከሆነ ግን አንዱ ሲበላ ሌላው ተኝቶ ይቆያል። አሥራ ስምንት ጠርሙስ ወጣው፣ ለእያንዳንዱ ወር አንድ። አንገቱ ድረስ አይሞሉትም፣ አይጫኑትም። የመጀመሪያውን ወር በየቀኑ ከፍተው ያሸታሉ፤ እርጥብ ድርቆሽ የሸተታቸው ካለ ወረቀት ላይ ዘርግተው ግማሽ ቀን ያናፍሱታል። ደረቅ ጨው በወረቀት ቋጥረው ጠርሙሱ ውስጥ ያሳድራሉ፤ ጠዋት ጨው ከተያያዘ እርጥበት አለ ማለት ነው። ቀስ በቀስ በሳምንት አንዴ ሆነ፣ ከዚያ ጨርሶ ዘጉት።

ማስቀመጫው የሚኖሩበት ፎቅ ኬለር ነው፤ ሁሉም ተከራይ የራሱ ክፍል ያለው የምድር ቤት። ጠርሙሶቹን ሲሚንቶው ላይ አላስቀመጡም። የቡና ጆንያ መሬት እንደማይነካ ሁሉ፣ በርብራብ እንጨት ላይ አሰለፏቸው፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል አርቀው፣ በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው። እኛ ጋ ለዛቫንሼ እንዳይቀመጥ የሙቅ ውሃ ቧንቧ በምድር ቤቱ ያልፋል። ስለዚህ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እትዬ አንድ ጠርሙስ በሹራብ ጠቅልለው፣ ያን ሁሉ የባቡር መንገድ ጄኔቫ ድረስ ይመጣሉ። ሲያማቸውም ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዟቸው በፖስታ ይላኩት ብላቸው «አንቺ ፀሐይ ላይ አታስጪውም፤ ፖስተኛው ግን ምን ያውቃል?» አሉኝ። በዚያ ነገር እስኪበቃቸው ቀለዱብኝ።

ጋሼ ይበላ ጀመር። ብዙ አይደለም፤ ግን ይበላል። ሐኪሙ ሚዛኑን አይቶ ዓይኑን ይጠራጠራል። በዘጠነኛው ጠርሙስ ላይ ግን ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ፤ የባለቤቱ ማመልከቻ እንደገና ውድቅ ሆኗል። ያን ቀን ስኒውን ገፋው። በማግስቱም ገፋው። «ለምንድን ነው የምቆየው?» አለኝ።  ለእትዬ ደወልኩና የመጀመሪያው ቅዳሜ ሳይደርስ መጡ። ምንም አላባበሉትም።

«ጌታዬ፣ ኬለሬ ውስጥ ዘጠኝ ጠርሙስ አለኝ። መጋዘን ይዤ ዕቃ አበላሽቼ አላውቅም፤ በእርስዎ አልጀምርም።»

ጋሼ ቀና አለ። «ይግባኝ አለው?» አላቸው።

«የለውም።»

ጠጣ። እኔ የማከብራቸው ብዙ የተማሩ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ የሚፈርድ ግን አላየሁም።

በአሥራ ሦስተኛው ጠርሙስ ላይ መውጫ ቪዛው ተሰጠ። ለምን እንደከለከሉ እንደማናውቅ ሁሉ ለምን እንደሰጡም አላወቅንም። ጋሼ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄዶ በእግሩ ቆሞ ተቀበላቸው። ባለቤቱ ጠይም፣ ረጅም፣ ቤታቸው ስንት ሠራተኛ ያሳደሩ እመቤት ናቸው። አንገቱን አቅፈው ቆሙ።

ቤት ስንገባ ስኒውን ላመጣ ስነሳ ጋሼ በዓይኑ ከለከለኝ። አፈረ። ሚስቱ ፊት ሐሺሽ ሊጠጣ አልቻለም። ከእጃቸው ጉርሻ ተቀበለ፣ ሳቀ፣ አወራ፣ ከዚያ ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ገባ፤ የሆነውን ሁላችንም ሰማን። በማግስቱም ያው ሆነ። ባለቤቱ ኩሽና መጥተው «ምንድን ነው የምትደብቁኝ?» አሉኝ። ከጎመኑ መሀል ጀምሬ ሁሉን ነገርኳቸው፣ በረንዳውንም ሳይቀር።  ከዚያ የማፈላባትን ድስት ራሳቸው አነሱና «እንዴት እንደሚፈላ አሳዪኝ» አሉ።

ስኒውን ይዘው የገቡትም ራሳቸው ናቸው። «ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቼ የመጣሁት በይሉኝታ ልቀብርህ ነው?» አሉት። «ጠጣ።» ጠጣ። ያን ቀን ከሚስቱ ጋር አንድ ማዕድ ላይ በላ፤ አልመለሰም።

በሳምንቱ ባለቤቱ ዙሪክ ውሰጂኝ አሉ። እትዬ ከሥራ ልብሳቸው ጋር ነበሩ። ወደ ኬለሩ ወረድን። ጨርቁን ሲገልጡት አምስት ጠርሙስ ቀርቷል። እትዬ አንዱን ከፈቱ፤ ከዓመት በላይ የተኛ ቅጠል፣ ሽታው ያን ጊዜ ቀንበጡ ቀጭ ሲል እንደነበረው ነው፣ አረንጓዴው እንዳለ አለ። ስለ ርብራቡ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ትንንሾቹ ጠርሙሶች ባጭሩ አስረዱ፤ ለአዲስ የመጋዘን ሠራተኛ እንደሚያስረዱ። የዳኛው ሚስት እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። ከዚያ በዚያች ጠባብ መተላለፊያ ነጠላቸውን አጣፍተው ጎንበስ አሉና የእትዬን ጉልበት ሳሙ።

እትዬ ጠርሙሱን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። «ኧረ በእመቤታችን፣ ይነሱ! ኧረ ምነው!» እያሉ በአንድ እጃቸው ትከሻቸውን ይዘው ያነሷቸዋል፤ ሴትየዋ አይነሱም።

«እኔ ያስቀመጥኩት ቅጠል ነው» አሉ እትዬ በመጨረሻ፣ እንባቸው እየወረደ። እሳቸው ሲያለቅሱ ሳይ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። «ሰውየውን ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት። እርስዎን ብሎ ነው ሲበላ የከረመው።»

ሦስታችንም እዚያው ምድር ቤት ቆመን አለቀስን።

ጋሼና ባለቤቱ ከዚያ በኋላ አምስት ወር፣ የመጨረሻው ጠርሙስ እስኪያልቅ፣ አብረው በሉ።